መዥገርና ሌሎች ደም መጣጮች፦ ከዳንግላ ሜዳ እስከ ቆላው እርሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳንግላ አካባቢ በማገለግልበት ወቅት፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ አንድ መምህር በኃይለኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በማጅራት ሕመም ተይዘው ወደ እኔ መጡ። ደማቸው ለወባ ቢመረመርም ጥገኛ ተሕዋስ አልተገኘበትም። ለታይፎይድ የተደረገው የደም ምርመራ ግን «አለ» የሚል ውጤት ይዞ መጣ። እኔም ብዙ ሐኪሞች እንደሚያደርጉት ለዚሁ የሚሆን መድኃኒት አዝዤ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ብሶባቸው ተመለሱ። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አዘዝኩ። መርፌውን ለመውጋት የተዘጋጀችው ነርስ ሱሪያቸውን ዝቅ ሲያደርጉ በታፋቸው ላይ ዙሪያው የቀላ፣ መካከሉ የከሰለ የሚመስል ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል አየችና ጠራችኝ። በቋንጃቸውም ላይ ሁለተኛ ነበረ።

በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ሰነበቱ? የነከስዎት ነገር ነበር?» መምህሩ ከሳምንት በፊት ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው ሣር ሲያጭዱ ውለው ነበር። ማታ ከልጆቹ እግር ላይ መዥገር እየነቀሉ እሳት ውስጥ ሲጥሉ እንዳመሹ ነገሩኝ፤ ታናሹ ልጅም በዚያው ቀን ትኩሳት ይዞት ቤት ተኝቶ ነበር። መምህሩ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የላቦራቶሪ ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን ልብሳቸውን አስወልቄ አላየሁም፤ ያየሁትም መርፌ የሚወጋበት ቦታ ስለ ተጋለጠ ብቻ ነው።

በዳንግላና በአካባቢዋ ሰው ከቤቱ ውጭ የሚውለው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ከብት ይጠብቃል፣ ያጭዳል፣ በፋግታ ለኮማ እንደሚታየው ከግራር ተክል ከሰል ያከስላል፣ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ በእረፍቱም ቀን ዘንገና ሐይቅ ዳር ይውላል። ብዙ ወጣትም ለአረምና ለአጨዳ ወደ ጃዊ፣ ወደ መተከልና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሚነክሰው ፍጡር አንድ አይደለም፤ የሚያመጣውም በሽታ እንዲሁ። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው አንባቢው የነከሰውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ በጣቱ እንዳይጨፈልቀውና ሲታመም ስለ ንክሻው ለሐኪሙ እንዲናገር ነው።

የእኛ መዥገርና የእነርሱ መዥገር

ስለ መዥገር በኢንተርኔት የሚነበበው ምክር በአብዛኛው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነዋሪዎች የተጻፈ ነው። የዚያ ምክር ዋና ሥጋት የላይም በሽታ ነው። ዊሊ በርግዶርፈር የተባለው ተመራማሪ ይህን በሽታ የሚያመጣውን ጀርም በመዥገር ውስጥ ማግኘቱን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለዕረፍት ሲመጡ የሚጠይቁን ስለዚሁ በሽታ ነው። ይሁንና ይህን በሽታ በዚያ የሚያስተላልፈው የመዥገር ወገን በእኛ ከብቶች ላይ የምናየው አይደለም።

የሚገርመው፣ ይኸው በርግዶርፈር ከዚያ ቀደም ብሎ የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምሮ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ጥናት የተስቦ ጀርም በከብት መዥገር ውስጥ እንደሚገኝ ገልጾ ስለ ነበር፣ እርሱና ባልደረቦቹ ይህን ለማጣራት ተነሡ። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ሲያወጡ የፈለጉትን የተስቦ ጀርም እንዳላገኙ ጻፉ፤ በምትኩ ግን ከተስቦው ጀርም ጋር የሚዛመድ ሌላ ሪኬትሲያ አግኝተው ነበር። በ1990ዎቹ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም የወጣለት ጀርም ኢኤስኤፍ-5 የሚባለው ዝርያም የተገኘው ከኢትዮጵያ መዥገር ነው፤ ሙሉ የዘር ቅንብሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ጀርሙ የሚያመጣው በሽታ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። መምህሩን የያዛቸውም ይህ ወይም የቅርብ ዘመዱ እንደ ነበር አምናለሁ።

የዚህ ጀርም ዋና ተሸካሚ አምብሊዮማ የሚባለው ትልቅ የከብት መዥገር ነው። ወንዱ በጀርባው ላይ ባለው ደማቅ ቀለም ይታወቃል፤ አንባቢ በላም ጡት ወይም በበሬ ብሽሽት ላይ ሳያየው አይቀርም። መዥገር ነፍሳት ከሚባሉት ወገን አይደለም፤ የሸረሪት ዘመድ ነው። ሲያድግ ስምንት እግር አለው፤ ከእንቁላሉ የወጣው ጫጩት ግን ስድስት እግር ብቻ ያለው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ስለ ሆነ ሰው እንደ ቆሻሻ ነገር አይቶ ያልፈዋል። ሌሎች ብዙ መዥገሮች በሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚያልፈውን እንስሳ ሲጠባበቁ፣ አምብሊዮማ የትንፋሻችንን ሽታ ተከትሎ በመሬት ላይ እየሮጠ ይመጣል። ስለዚህም ነው አንድ ሰው በአንድ ቀን በብዙ ቦታ የሚነከሰው፤ አብረው የዋሉ ሰዎችም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚታመሙት። ጥቁሩ ቅርፊት ሁለትና ሦስት ሆኖ ሲገኝ፣ ከጎኑም በብሽሽት ወይም በብብት ንፍፊት ሲኖር፣ ምርመራው ከሞላ ጎደል ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከንክሻው ከአምስት እስከ ዐሥር ቀን በኋላ ነው። በሽታው ሰውን እምብዛም አይገድልም፤ ነገር ግን ሌላ በሽታ መስሎ ያላግባብ ያስታክማል፣ ከሥራም ያስቀራል። በውሻ መዥገር የሚተላለፈው የቅርብ ዘመዱ ግን አንዳንዴ እስከ ሞት የሚያደርስ ነውና በቀላሉ አይታይም።

ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ላክል። ቫይዳልና ቫይል-ፌሊክስ የሚባሉት የደም ምርመራዎች በአገራችን በየክሊኒኩ በአንድነት ይታዘዛሉ፤ ሕዝቡም «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ማለትን ለምዷል። እነዚህ ምርመራዎች ቀድሞ በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ትኩሳት ምክንያት «አለ» ሊሉ፣ በእውነተኛው በሽታ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ «የለም» ሊሉ ይችላሉ። የሕመምተኛውን ቆዳ ከራስ ቅል እስከ ጣት መካከል ማየት ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ ዋጋም አይጠይቅም።

መዥገርን ስለ መንቀል

በቆዳ ላይ የተጣበቀ መዥገር ሲገኝ ክብሪት ለኩሶ ማስጠጋት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቅቤ መቀባት በየቦታው የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ መዥገሩን ያስጨንቀዋል እንጂ ቶሎ አያስለቅቀውም፤ ሲጨነቅም የያዘውን ምራቅና ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። ክብሪቱ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ መዥገሩን ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ አጠገብ፣ ከቆዳው ጋር በተገናኘበት ቦታ ላይ ይዞ ሳያሽከረክሩና ሳይነቀንቁ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ነው። ወረንጦ በአብዛኛው ቤት አለ፤ የእሾህ ማውጫው ይበቃል። ከሌለ ጣትን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍኖ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የአፉ ስባሪ በቆዳ ውስጥ ቢቀር በመርፌ መቆፈር አያስፈልግም፤ ቆዳው ራሱ ያወጣዋል። ከዚያ ቦታውንና እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው።

በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል ማፈንዳት ግን ፈጽሞ መተው ያለበት ልማድ ነው። ሃያሎማ የሚባለው እግሩ የተዥጎረጎረ የቆላ መዥገር በሱዳንና በኡጋንዳ ሰዎችን የገደለውን የክራይሚያ-ኮንጎ የደም መፍሰስ ትኩሳት ያስተላልፋል፤ ይህ ቫይረስ በንክሻ ብቻ ሳይሆን በተጨፈለቀ መዥገር ደምና በታረደ ከብት ደምም ይተላለፋል። የተነቀለውን መዥገር እሳት ውስጥ መጣል፣ መምህሩ እንዳደረጉት፣ ምንም ስሕተት የለበትም።

መዥገር ወደ ሰውነታችን ከወጣ በኋላ ቦታ መርጦ እስኪጣበቅ ድረስ ይዞራል፤ ከተጣበቀም በኋላ ለቀናት ይመጣል። ስለዚህ የመከላከያው ቁልፍ የማታ ፍተሻ ነው። መጻሕፍት ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ የሱሪውን ጫፍ በካልሲ ውስጥ አስገቡ ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ በቁምጣ ለሚውል እረኛ ግን ማታ እሳት ዳር እግሩን ሲታጠብ እናቱ ቋንጃውን፣ ብሽሽቱን፣ ብብቱን፣ ከጆሮው ጀርባና የፀጉሩን ሥር እንድታይለት መንገር የበለጠ ይጠቅመዋል። ለትንኝ ማባረሪያ የሚሸጡት ዲት ያለባቸው ቅባቶች በሚገኙበት ቦታ ለመዥገርም ይረዳሉ።

ከብት ላይ የሚረጨውን መድኃኒት በራስ ልብስና ሰውነት ላይ ማፍሰስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲያዚኖንን የመሰሉት የመዥገር ማጥፊያዎች በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ምራቅና ላብ ማብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የትንፋሽ ማጠር ያመጣሉ፤ ሕፃናትን ደግሞ ሊገድሉ ይችላሉ። ለራስ ቅማል ብላ በልጇ ፀጉር ላይ ይህን ያፈሰሰች እናት አጋጥማኛለች። ልጅቱ ተርፋለች።

ቅማል፦ ንክሻው ሳይሆን ጥፍሩ

ቅማል ከመዥገር ጋር ለምን እንደሚነሣ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። በደጋውና በወይና ደጋው የሰውን ሕይወት በብዛት ያጠፋው ደም መጣጭ መዥገር ሳይሆን የልብስ ቅማል ስለ ሆነ ነው። ግርሻ የሚባለው ተመላልሶ የሚነሣ ትኩሳት በቅማል የሚተላለፈው ዓይነቱ በቀረው ዓለም ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ሲገኝ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በጣሊያን ያሉ ብዙ ሐኪሞች ከመጻሕፍት በስተቀር አይተውት አያውቁም ነበር።

የግርሻ ጀርም በቅማሉ ምራቅ ውስጥ የለም። በሆዱ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል እንጂ ሲነክስ አይወጣም። የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። ሰው ያሳከከውን ሲያክ፣ ወይም ከሸሚዙ ስፌት ያገኘውን ቅማል በጥፍሩ ሲደፈጥጥ፣ ፈሳሹ በተፋቀው ቆዳ ወይም ዓይኑን ባሸበት ጣት በኩል ይገባል። በቅማል የሚተላለፈው ተስቦም በንክሻ ሳይሆን በቅማሉ ኩስ ይተላለፋል፤ ኩሱ በእከክ ወደ ቆዳ ይታሻል። የአይጥ ቁንጫ የሚያመጣው ቀለል ያለው ተስቦም እንዲሁ ነው። ቅማል መደፍጠጥ በየደጁ እንደ ጨዋታ በሚታይበት አገር ይህ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ቅማል ሙቀት የበዛበትን ሰውነት አይወድም፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ትቶ አጠገቡ ወደ ተኛው ይሻገራል።

የሚጠቁትም ደርበው የሚለብሱ፣ ተጠጋግተው የሚተኙና ልብስ የሚያጥቡበት ሳሙና የሚያጡ ናቸው፦ የቆሎ ተማሪዎች፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ፣ እስረኞች፣ በግጭት የተፈናቀሉ፣ በአንድ ዳስ ውስጥ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች። ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀልና ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። ተቀይሮ የሚለበስ ካለ ደግሞ የወለቀውን በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ የልብስ ቅማል ከሰው ደም ተለይቶ ብዙ ቀን አይቆይም።

ግርሻ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ከጤና ተቋም ውጭ እንዲወስድ አይመከርም። የመጀመሪያው መርፌ ወይም ክኒን ጀርሙን በአንድ ጊዜ ሲገድለው ሕመምተኛው በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሁኔታ በጥንቃቄ ከመዘገቡት አንዱ ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ፔሪን፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ በ62 ሕሙማን ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ ዛሬም በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ይጠቀሳል።

ወደ ቆላ የሚወርዱ

ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው ቢባልም፣ መስመሩ በየዓመቱ ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰዎችን አሳምሟል፤ 150,000 ያህሉም እንደ ሞቱ ተገምቷል። የደጋ ሰው የመከላከል ኃይል ስላላዳበረ ወባ ሲያገኘው ይበረታበታል። ለቀን ሥራ ቆላ የወረደ ወጣት የሚጠቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዋናዋ የወባ አስተላላፊያችን አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከቤት ውጭና ከመኝታ ሰዓት በፊትም ትነክሳለች። አጎበር ማታ ከሦስትና ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይጠብቃል፤ ከእራት በፊት ደጅ ለሚቀመጥ ሰው ግን እጅጌው ረጅም ልብስና ጋቢ ያስፈልገዋል።

ከወባ ይልቅ የሚረሳው ካላዛር ነው። በመተማና በሁመራ ሜዳዎች በመሬት ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በብዙ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ ብዙ ሰው መነከሱን አያውቅም። በግራር ዛፍ ሥር ያለ አጎበር የሚያድሩ ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቃሉ። መከራው ከቆላው ጋር አይቀርም። በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ ከመታወቁ በፊት ሰዎች በወባ ታመሙ እየተባለ ሲሞቱ ቆይተዋል፤ በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። በደጋው ደግሞ ሌላ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ቁንጭር አለ፤ ፊት ላይ የሚወጣ፣ የማያምና ለወራት የማይድን ቁስል ነው። በጃዊ በኩል ፈጥኖ በሚፈስስ ወንዝ ዳር የምትነክሰው ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርካይሲስ የተባለውን ብርቱ የቆዳ ማሳከክ ታመጣለች፤ በየዓመቱ የሚታደለውን አይቨርሜክቲን አለመዝለል ነው መፍትሔው።

በዳንግላ ገበያ ስለ ትንኝ በተነሣ ቁጥር የምጠየቀው ግን ስለ ዝሆኔ ነው። «የትኛዋ ትንኝ ናት እግሬን እንዲህ ያሳበጠችው?» ይሉኛል። በምዕራብ ቆላ በትንኝ የሚተላለፍ የእግር እብጠት በእርግጥ አለ። በአዊ ደጋ የሚታየው ግን በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ ሲሆን፣ ኤርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረገው ሥራ እንዳሳየው የሚመጣው ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ባዶ እግሩን ለዓመታት የሄደን ሰው ያጠቃል። ነካሽ ፍጡር የለበትም፤ አይተላለፍም። ጎረቤት የሸሸው፣ ለጋብቻ የተከለከለው ሰው በከንቱ ተበድሏል። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ጫማ መልበስ ይህን ይከላከላል፤ ሙጀሌንም ጭምር።

ለሐኪሙ የሚነገረው

ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው የሚከተለውን ሳይጠየቅም ቢናገር መልካም ነው። መዥገር ከነከሰው ሁለት ሳምንት ካልሞላ ቀኑንና የነከሰውን ቦታ ይንገር፤ ያፍርበት የነበረውን ጥቁር ቅርፊትም ያሳይ። ወደ ቆላ ወርዶ ከነበረ ከተመለሰ ወራት ቢያልፉም ይናገር፤ ካላዛር ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያልና። የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት፣ የከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሌላ ክኒን ከመግዛት ይልቅ የካላዛር ምርመራና ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ። በልብሱ ላይ ቅማል ያለበትም አይደብቀው። ሐኪሙ አያሳፍረውም፤ ካሳፈረው ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

የመምህሩ ታናሽ ልጅ በማግስቱ መጥቶ ታየ። ቅርፊቱ የተገኘው ከጆሮው ጀርባ፣ ፀጉሩ በሸፈነው ቦታ ላይ ነበር።